የነገውን ቀብድ አትቀበሉ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ ነገር ነው የመጣብኝ። የአባታችሁን ቤት ልትሸጡ ተስማምታችኋል፣ አንዱ ወንድማችሁ አሜሪካ ነው፣ ደላላው ደግሞ ነገ ቀብድ የሚሰጥ ገዢ ይዞ ይመጣል። «ምን ምን እንጠንቀቅ?» ነው ያልሽው። ሌላውን ሁሉ ተይውና የነገውን ቀብድ አትቀበሉ። ወረቀታችሁ አላለቀም፤ ከጻፍሽው ይታያል።

እኛ በ2011 የእናታችንን ቤት ስንሸጥ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ አስኮ ነበር፣ 175 ካሬ ላይ ያረፈ አሮጌ የጭቃ ቤት። ካርታው በእናቴ ስም ነው፤ እሷ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል፤ ልጆቿ ሦስት ነን። አንድ ቅዳሜ ገዢው ከባለቤቱ ጋር መጣ፣ ቤቱን ወደዱት፤ እዚያው ሳሎን ተቀምጠን ደላላው በእጁ በጻፈው አንድ ገጽ ላይ ፈረምንና 150,000 ብር ቀብድ ተቀበልን። በ30 ቀን ውስጥ ውልና ማስረጃ ቀርበን ልንጨርስ። ከብሩ ግማሹን በዚያው ሳምንት ለእናቴ የመቃብር ሐውልት አወጣነው።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ መጣ። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተናል፤ የካርታው ስም ግን ገና ወደ እኛ አልዞረም። ሲያትል ያለው ወንድማችን ውክልና ልኮልናል ብለን ተማምነን ነበር። ያ ውክልና ግን ቤቱ በተከራየ ጊዜ የላከው ነው። ውልና ማስረጃ ስንቀርብ ባለሙያዋ ጣቷን በመስመሩ ላይ እየሳበች «ማስተዳደር፣ ማከራየት፣ ኪራይ መቀበል…» እያለች አነበበችና ቀና ብላ «መሸጥ የሚለው የት አለ?» አለችን። የለም። ልክ ነበረች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። አዲሱ ውክልና በኤምባሲ ተረጋግጦ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ደርሶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ፈጀብን።

ቀኑ አለፈ። ገዢው ተቆጣ፤ አልፈርድበትም፤ የተከራየውን ቤት ሊለቅ ለአከራዩ አስታውቆ ነበር። «እጥፉን አምጡ» አለ። ይህን ስንቱ ሻጭ አያውቀውም፤ በሕጉ ቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ይቀርበታል፣ ቀብድ የተቀበለ ሰው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። 300,000 ብር መሆኑ ነው፤ እኛ እጅ ላይ ደግሞ ከተቀበልነው እንኳ ግማሹ የለም። እህቴ ሌሊት ሌሊት መተኛት አቅቷት ነበር። በመጨረሻ ሽማግሌ ገብቶ ከዋጋው ላይ 80,000 ብር ቀንሰንለት ሊጠብቀን ተስማማ። ደግ ሰው ስለሆነ እንጂ ፍርድ ቤት ቢያቆመን ስንት ዓመት እንጉላላ ነበር።

ያችን የደላላ ወረቀት በኋላ ጠበቃ ስናሳይ ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። «175 ካሬ ቦታ ሸጠናል» ይላል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፤ የሚሸጠው ቤቱ ነው፣ የይዞታው መብት ቤቱን ተከትሎ ይተላለፋል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1723 ጠበቃው ከፍቶ አሳየን። ሳሎን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ለክርክር ነው የሚሆነው።

ስለዚህ የእናንተን ቅደም ተከተል ልንገርሽ። እናታችሁ በሕይወት አሉ? አልጻፍሽውም፣ ግን ትልቅ ነገር ነው። ቤቱ በትዳር የተፈራ ከሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእሳቸው ነው፤ የውርስ ድርሻችሁ የሚታሰበው ከአባታችሁ ግማሽ ላይ ነው። እሳቸው ሳይፈርሙ የሚሆን ነገር የለም። ለሌሎች አንባቢዎችም ልጨምር፦ ባለትዳር ሆናችሁ የጋራ ቤት ብቻችሁን አትሽጡ። በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ያልተስማማው ባል ወይም ሚስት ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ሽያጩን ማስፈረስ ይችላል። ያላገባ ሻጭ ደግሞ ያላገባ ማስረጃውን ቀድሞ ያውጣ።

ከዚያ ወራሽነቱ፣ ስም ማዛወሩ፣ የቦታና የቤት ግብሩን ደረሰኝ ማሟላት፣ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ። ቦታውንም በሜትር ለኩት። የኛ ቤት አጥር ድሮ ወደ ውጭ ተገፍቶ ነበርና በመሬት ላይ 190 ካሬ ይወጣል፤ ደላላው በ190 ሲያስተዋውቅ ዝም አልን። ገዢው ካርታውን ሲያይ እንደ ሌባ ነው ያየን። ካርታው ያለውን ብቻ ተናገሩ።

«ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» ይሏችኋል። እምቢ በሉ። ገዢው ቀሪውን ቢክድ እጃችሁ ላይ ያለው ማስረጃ የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ይልቅ ግብሩንና የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በግልጽ አስፍሩ፤ ስንት እንደሚመጣባችሁም ከመዋዋላችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ። የደላላውን ኮሚሽንም እንዲሁ፣ በመቶ ስንት እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ክፍያውን በቼክ አትቀበሉ። ሲፒኦ (ባንክ ራሱ ሊከፍል ገብቶ የሚያወጣው የክፍያ ወረቀት) ከሆነ ያወጣው ባንክ ጋ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ቁልፍ የሚሰጠው የመጨረሻው ብር አካውንታችሁ ከገባ በኋላ ነው። ዋናውን ካርታ ለደላላ ቀርቶ ለገዢም አትስጡ፤ ማየት ለሚፈልግ ኮፒ ይበቃዋል።

ዛሬ ማታ ለወንድማችሁ ደውይለት። ውክልናው ላይ የቤቱ አድራሻና የካርታ ቁጥር፣ «ለመሸጥ፣ የሽያጭ ውል ለመፈረም፣ ዋጋውን ለመቀበል፣ ስም ለማዛወር» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይግቡ። እኛ በመጨረሻ የተጠቀምንበት ጽሑፍ አለኝ፤ ስማችንን አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ለገዢው ደግሞ ራስሽ ደውለሽ «ወረቀታችን ሲያልቅ መጀመሪያ የምንጠራው አንተን ነው» በይው፤ ደላላው እንዲነግረው አትተዪ።