አስማተኛው ብቻውን ሲጨርሰው

ጥያቄ፦ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ጨዋታ መሪ ነኝ። ተጫዋቾቼ 5ኛ ደረጃ ከደረሱ ወዲህ አስማተኛው በአንድ የእሳት ኳስ ጠላቱን ሁሉ ይፈጃል፤ ተዋጊው ቆሞ ያያል። የአስማቱን ጉዳት ልቀንስ?

መልስ፦ ኧረ አትንካው! ያ ልጅ እዚህ ደረጃ እስኪደርስ ስንት ታግሷል። በቀን ስንት ውጊያ ታሰልፍላቸዋለህ? አንድ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታው ሕግ አስማተኛው በዚህ ደረጃ የእሳት ኳስ የሚወረውረው ሁለቴ፣ ግፋ ቢል ሦስቴ ነው፤ ከዚያ ረጅም ዕረፍት፣ ማለትም የሌሊት እንቅልፍ፣ ይጠብቃል። የተዋጊው ሰይፍ ግን አያልቅም፤ ተጨማሪ እርምጃውም በአጭር ዕረፍት (ሳይተኙ አንድ ሰዓት ያህል አረፍ በማለት) ይመለስለታል። እናም ሳይተኙ አራት አምስት ውጊያ ስጣቸው። አንድ የእሳት ኳስ ሁሉንም እንዳያገኝ ጠላቶቹንም በትናቸው፤ አንዱን ቀስተኛ ጣሪያ ላይ፣ ሌላውን ከአንድ ታጋች ጎን አቁም።