ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 525

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ ለልጄም ለእኔም እንዲሆን ብዬ አዲስ አበባ አንድ ቴሌስኮፕ ዓይቻለሁ። መስተዋቱ 76 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 700 ነው። ካርቶኑ «525 እጥፍ ያጎላል» ይላል። ልግዛው? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይተዉት። 700ን አብሮት ለሚመጣው የ4 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ሲያካፍሉ 175 ይመጣል፤ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ ተቀጥላ ሲሰኩበት 525። ሒሳቡ ልክ ነው፣ ምስሉ ግን አይረባም። ቴሌስኮፕ ጥርት ባለ ሌሊት የሚችለው የመስተዋቱን ስፋት በሚሊ ሜትር ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ ለ76ቱ 150 መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ ጁፒተር ይተልቃል እንጂ አይጠራም። ትሪፖዱም ቀጭን ስለሆነ ትኩረቱን ለማስተካከል በነኩት ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

አቅም ከፈቀደ ዶብሶኒያን የሚባለውን፣ ባለ 150 ሚሊ ሜትር መስተዋት ይፈልጉ። ትሪፖድ የለውም፤ መሬት ላይ በሚቀመጥ ሳጥን ላይ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ይዞራል። የትኩረት ርቀቱ 1200 ከሆነ በ25 ሚሊ ሜትር ሌንስ 48 እጥፍ ያጎላል፤ ለሳተርን ቀለበትና ለጁፒተር አራት ጨረቃዎች ይህ ይበቃል። በ10 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ 120።

ሻጩ ቢያሞግስልዎም «ኢኳቶሪያል» ማቆሚያ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን በአንድ ዘንግ ዙሪያ እያዞረ የከዋክብትን ጉዞ የሚከተለውን፣ አይውሰዱ። ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት፤ ኮከቡ ደግሞ በእናንተ ዘንድ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ክንድዎን ዘርግተው እጅዎን ቢጨብጡ የአንድ ጭብጥ ያህል። አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል። ርካሾቹ ማቆሚያዎች ያን ያህል ዝቅ ሲደረጉ ብዙ ጊዜ የሚዛኑ ዘንግ ከትሪፖዱ እግር ጋር ይላተማል።

ዕቃው የአባይን በረሃ ሲሻገር አውቶብስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ መስተዋቱ ከቦታው ይዛነፋል። እቤት ሲደርስ ደማቅ ኮከብ ላይ አነጣጥረው ትኩረቱን ሆን ብለው ያበላሹት። የብርሃን ቀለበት ይታያል። መካከሉ ያለው ጥቁር ክብ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ከኋላ ያሉትን ሦስት ማስተካከያ ብሎኖች በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩ፤ ኮከቡ በሸሸ ቁጥር ወደ መሀል ይመልሱት። ማነጣጠሪያውን (ቱቦው ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መመልከቻ) ግን በቀን፣ ራቅ ባለ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ያስተካክሉ።

የዓይን ሌንስ ላይ የሚጠመድ የፀሐይ ማጣሪያ ካርቶኑ ውስጥ ካገኙ ልጁ ሳያየው ይጣሉት። ሙቀት ይሰነጥቀዋል፣ ዓይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ለቴሌስኮፕ ገንዘብ የለኝም። ባይኖኩላር ይሆናል? (ከቢቸና)

መልስ፦ በደንብ። 10 በ50 የሚለውን (10 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይግዙ፤ ክርንዎን አጥር ላይ ያስደግፉ። በግንቦት መጀመሪያ፣ ደመና ከሌለ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ይዙሩና ከአድማስ ሦስት ጭብጥ ከፍ አድርገው ይፈልጉ። እንደ ጥጥ ብዥ ያለች ክብ ነገር ካገኙ ኦሜጋ ሴንታውሪ ናት፣ የሚሊዮኖች ከዋክብት ክምችት። ለንደን ያሉ ሰዎች ከአድማስ በላይ ስለማትወጣላቸው አያዩዋትም።