ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በትምህርት ቤታችን የኪነት ክበብ እዘፍናለሁ። በቀደም ጓደኛዬ ኤዳ ሞዘር የምትባል ጀርመናዊት የኦፔራ ዘፋኝ በስልኳ አሰማችኝ። ድምፅዋ እንደ ዋሽንት ነው፤ ከሰው ጉሮሮ የወጣ አይመስልም። ቤት ሄጄ ለአያቴ ባሰማት «ይቺ ሴት ምን ሆና ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ጓደኛዬ ደግሞ ይኸው ዘፈን በመንኮራኩር ተጭኖ ጠፈር ላይ ነው ትላለች። እውነት ነው? ሴትዮዋስ ማን ናት? እኔም እንደሷ ከፍ ለማለት ስሞክር ጉሮሮዬን ያመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ። ከጥያቄዎችሽ ሁሉ የአያትሽ ይበልጣል፤ ከእሱ ልጀምር። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

ሴትዮዋ ተቆጥታ ነው። ያውም ክፉ ቁጣ። ዘፈኑ የሞዛርት ነው፤ «አስማተኛው ዋሽንት» ከተባለው ኦፔራ፣ ማለትም በዘፈን ከሚተረክ ቲያትር የተወሰደ። ሳታውቂው ዋሽንት ማለትሽ ገርሞኛል። ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሴፕቴምበር 30 ቀን 1791 ቪየና ውስጥ ነው። ሞዛርት በዚያው ዓመት ዲሴምበር 5 ቀን ሞተ። ገና 35 ዓመቱ ነበር። ይህን ክፍል በመጀመሪያ የዘፈነችው የሚስቱ እህት ዮዜፋ ሆፈር ናት፤ በድምፅዋ ልክ ነው የሰፋላት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የሌሊት ንግሥት የምትባል እናት ለልጇ ለፓሚና ጩቤ ትሰጣታለች። ሳራስትሮ የሚባለውን ጠላቷን ግደዪልኝ ትላታለች። ካልገደልሽው ልጄ አይደለሽም፣ ለዘላለም ክጄሻለሁ ብላ ትምላለች። በቃ፣ ዘፈኑ ይኸው ነው።

ይህን ለመረዳት ጎጃም ላደገ ሰው ጀርመንኛ አያስፈልገውም። ደም መመለስ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ አያትሽ ያውቃሉ። ደም ያልመለሰውን ወንድ በግጥም እየወጉ እንቅልፍ የሚነሱ ሴቶችም ነበሩ። «የጠባኸው ጡቴ ይፋረድህ» የምትል እናት ከዚህች ንግሥት በምን ታንሳለች? ልዩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው። የእኛ ፎካሪ እስከ መጨረሻው በቃል ነው የሚወጋ። ንግሥቲቱ ግን መሃል ላይ ቃሉን ትጥለዋለች። ንዴቷ ከቃል በላይ ሲሆንባት «ሀ ሀ ሀ» እያለች በድምፅ ብቻ ትወጣለች። ሰው የሚያጨበጭበው እዚያ ጋ ነው።

ዘፋኟ የዘፈኑ ጣራ ላይ ስትደርስ የድምፅ አውታሮቿ በሴኮንድ ወደ 1,400 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሴት ስታወራ እኮ 200 ገደማ ነው። ያለ ማይክሮፎን ኦርኬስትራ አልፋ የምትሰማውም በጩኸት ብዛት አይደለም። ከፍ ባለች ቁጥር አፏን ትከፍታለች። አፍና ጉሮሮ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ከድምፁ ከፍታ ጋር ሲገጥም ድምፁ ራሱ ይጎላል። ለዚህ ሲባል የሚከፈል ዋጋ አለ፤ እዚያ ላይ «ኢ» ትበል «አ» ጀርመኖቹም አይለዩትም። ድምፅ ማጉያ ሳይመጣ የእኛ መሪጌቶችም ቅኔ ማኅሌቱን በባዶ ድምፅ ይሞሉት ነበር። አሁን በማጉያው ምክንያት ጆሯችን ሰንፏል ባይ ነኝ። ይህ የእኔ የሽማግሌ ነገር ነው፣ እለፊው።

ወደ ሴትዮዋ ልምጣ። ኤዳ ሞዘር በ1938 በርሊን ተወለደች። የሙዚቃ ቤት ልጅ ናት። አባቷ ሃንስ ዮአኪም ሞዘር የታወቀ የሙዚቃ ታሪክ ተመራማሪ ነበር፤ አያቷ አንድሬያስ ሞዘር የቫዮሊን መምህር። እንዲህም ሆኖ በትልቅ ቦታ አልጀመረችም። በ1962 በርሊን ውስጥ መጀመሪያ የወጣችው «ማዳማ ባተርፍላይ» ላይ ኬት ፒንከርተን ሆና ነው። ኦፔራውን ላላየ ሰው፣ ኬት ማለት መጨረሻው ላይ ብቅ ብላ ጥቂት ቃል ተናግራ የምትጠፋ ሴት ናት። የክበባችሁ ልጆች ትንሽ ቦታ ተሰጠን ብለው ሲያኮርፉ ይህን ንገሪልኝ።

በ1968 ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ገባች። ያኔም የዋግነር ኦፔራ ውስጥ ከሦስት የወንዝ ልጃገረዶች አንዷን ሆና ነው፤ የኦርኬስትራው መሪ ካራያን ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሃምቡርግ ላይ የገጠማት ግን ለብቻው የሚወራ ነው። ሄንሰ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ ለአብዮተኛው ለቼ ጉቬራ መታሰቢያ ያደረገው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊቀርብ ነው። ኤዳ ሞትን ሆና ልትዘፍን ተዘጋጅታለች። ተማሪዎች የቼን ምስልና ቀይ ባንዲራ መድረኩ ላይ ሰቀሉ። ከበርሊን የመጡት የመዘምራን ቡድን አባላት በባንዲራው ሥር አንዘምርም አሉ። ፖሊስ ገባ፣ ግርግር ሆነ፣ ዝግጅቱ ቀረ። ሬዲዮ ያዳምጥ የነበረው ሕዝብ የሰማው አስቀድሞ የተቀዳውን ልምምድ ነው። በእኛም አገር ተማሪው የቼን ስም የሚጠራበት ዘመን ስለነበር፣ የእኔ ዕድሜ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል።

እኔ የምወድላት ግን ሌላ ነገር ነው። የሌሊት ንግሥትን አብዛኛውን ጊዜ የሚዘፍኑት ቀጭን፣ ቀላል ድምፅ ያላቸው ናቸው። ላይኛውን ድምፅ ይነኩታል፣ ቁጣው ግን የለም፤ ያምራል፣ አያስፈራም። የኤዳ ድምፅ ወፍራምና ከባድ ነው። «ሌዮኖሬ» የተባለውን የቤትሆቨን ኦፔራ የተሸከመ ድምፅ ነው፤ በ1976 ድሬስደን ውስጥ ቀድታዋለች። ያን ክብደት ይዞ እዚያ ከፍታ ላይ መውጣት የጥቂቶች ነው። አያትሽ «እንዴት ታምራለች» ሳይሆን «ምን ሆና ነው» ያሉት ለዚህ ይመስለኛል።

የጠፈሩ ወሬ እውነት ነው። በ1977 አሜሪካኖች ቮዬጀር 1 እና ቮዬጀር 2 የተባሉትን መንኮራኩሮች ሲያመጥቁ በእያንዳንዳቸው ላይ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ ጫኑ። ምርጫውን የመራው የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴገን ነው። ሸክላው ላይ 27 ሙዚቃዎች አሉ፤ ከኦፔራ የተወሰደው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የኤዳ። ሙኒክ ላይ ከባቫሪያ መንግሥት ኦፔራ ጋር በዛቫሊሽ መሪነት የዘፈነችው ነው። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ቮዬጀር 1 አሁን ከምድር ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች።

በ55 ቋንቋም ሰላምታ ተልኳል፤ ሁሉም ትሑት፣ ሁሉም «እንደምን አላችሁ» ነው። ከዚያ መሃል ልጇን «ግደዪ» የምትል እናት! ማን እንደመረጣት እንጃ እንጂ፣ የሰውን ልጅ ሳይሸፋፍን ያሳየው እሱ ነው። ከ55ቱ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ አለመኖሩ ግን እስካሁን ቅር ይለኛል።

ኤዳ በኋላ ኮሎኝ በሚገኘው የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆና አስተማረች። በ2006 ደግሞ የጀርመንኛ ቋንቋ ፌስቲቫል መሠረተች። ቋንቋዬ በእንግሊዝኛ ተበረዘ የሚል ቁጭት ነበራት።

ስለ ጉሮሮሽ፦ ሲያምሽ አቁሚ። ሌላ ምክር የለውም። ደብረ ማርቆስ ሳስተምር ልጆቹ ከፍ ሲሉ አገጫቸውን ያነሳሉ፣ የአንገታቸው ሥር ይገተራል። እንደዚያ ከሆንሽ እየገፋሽ ነው። ከመካከለኛው ድምፅ ጀምሪ። ከንፈርሽን ዘና አድርገሽ «ብርርር» እያሰኘሽ ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ቀስ ብለሽ ውረጂ። ውሃ ጠጪ። የልምምድ ሰዓትሽን አሳጥሪው፤ በዕድሜሽ ድምፅሽ ገና እየተሠራ ነው። መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይይሽ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነኝ። ኤዳ ሞዘር ፊልም ላይ ሠርታለች ሲሉ ሰምቻለሁ። የትኛው ነው?

መልስ፦ «ዶን ጆቫኒ» ነው፣ ይህም የሞዛርት። ጆሴፍ ሎዚ በ1979 ያወጣው። የተቀረፀው ጣሊያን አገር፣ ቪቼንሳና አካባቢዋ ባሉ፣ ፓላዲዮ የተባለው አርክቴክት በነደፋቸው ሕንፃዎች ነው። ድምፁ በአብዛኛው አስቀድሞ ስለተቀዳ፣ ዘፋኞቹ ካሜራ ፊት አፋቸውን ነው የሚያስገጥሙት። ኤዳ ዶና አና የምትባለውን ሴት ሆና ነው የሠራችው፤ ዶን ጆቫኒን ራሱን የሆነው ሩጄሮ ራይሞንዲ ነው። የዶና አና አባት ገና መጀመሪያው ላይ ይገደላል፤ እሷም እጮኛዋን ደሜን መልስልኝ ብላ ታስምለዋለች። እጮኛው ጥሩ ይዘፍናል፣ ደም መላሽ ግን አይደለም።