«ሞኒተሮቹን አገናኙ» ወይስ «ገመዱን ሰኩ»?

ጥያቄ፦ የምሠራው ባሕር ዳር፣ በአንድ የካርታ ሥራ ክፍል ነው። የጣናን እምቦጭ በሳተላይት ምስል ለሚከታተሉ ባልደረቦቼ «ሁለቱን ሞኒተሮች በዶኪንግ ስቴሽን አገናኙ፤ ጥራቱን ከፍ አድርጉ» ብዬ መመሪያ ጻፍኩ (ዶኪንግ ስቴሽን ወይም ዶክ ላፕቶፕን በአንድ ገመድ ከሞኒተሮችና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያያይዝ ሳጥን ነው)። አንዱ ሞኒተሩን ከሌላው ሞኒተር ጋር በገመድ አያያዘው። አጻጻፌ ምን ጎደለው? ደግሞስ «ሁለት ሞኒተር» ነው «ሁለት ሞኒተሮች»?

መልስ፦ ባልደረባዎ የተጻፈውን ነው ያነበቡት። «አገናኘ» «ከእገሌ ጋር» የሚል ካልተከተለው እርስ በርስ ማለት ይሆናል። «ሁለቱን ሰዎች አገናኛቸው» ሲባል ሦስተኛ ሰው የሚፈልግ የለም። «በዶኪንግ ስቴሽን» ያሉትም መሣሪያውን እንጂ መድረሻውን አይናገርም። የዲስፕሌይፖርት (የምስል ገመድ መሰኪያ ዓይነት) መግቢያም መውጫም ያላቸው ሞኒተሮች ደግሞ በእርግጥ አንዱ ከአንዱ ይቀጠላሉ፤ ስለዚህ የተሳሳተው ንባብ በሥራው ዓለም ያለ ነገር ነው።

«ሰካ» ይሻላል፤ ተሳቢው ግን ገመዱ ይሁን። «ሞኒተሩን ሰካው» ከተባለ ብዙ ሰው የመብራት ሶኬት ነው የሚፈልገው። እንዲህ ይጻፉት፦ «የዶኩን የመብራት ገመድ ሶኬት ላይ ሰኩ። የእያንዳንዱን ሞኒተር የምስል ገመድ ዶኩ ላይ ሰኩ። በመጨረሻም የዶኩን ዩኤስቢ ሲ ገመድ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ።»

«ጥራቱን ከፍ አድርጉ» የሚለውን ጨርሶ ያውጡት። «ጥራት» የነጥቦቹን ብዛትም፣ የቀለሙን ድምቀትም፣ የዕቃውን ደህንነትም ይሸፍናል። በምትኩ «3840 በ2160፣ 60 ኸርዝ ላይ አድርጉ» ይበሉ፤ የመጀመሪያው የነጥቦቹ ብዛት ነው፣ ኸርዙ ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው። ሞኒተሩ 30 ኸርዝ ላይ ሲወድቅ ካርታው አይደበዝዝም፤ የሚንቀራፈፈው የማውሱ ቀስት ነው፤ ጥራት የሚፈልግ አንባቢ ጉድለቱን አያገኘውም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአይ 1.4 የሚባለው የቆየ የምስል መስመር ነው፤ ይህን የነጥብ ብዛት ከ30 ኸርዝ በላይ አይሸከምም። ሁለት ሞኒተር ሲሆን ደግሞ መስመሩ ይጠብባል፦ አንድ የዲስፕሌይፖርት 1.2 መስመር በሰከንድ 17.28 ጊጋቢት ያደርሳል፤ አንዱ ሞኒተር ብቻውን 60 ኸርዝ ላይ ወደ 12.5 ጊጋቢት ይወስዳል፤ ስለዚህ ለሁለት አይበቃም። ተንደርቦልት 4 (በዩኤስቢ ሲ መሰኪያ የሚሠራ ፈጣን መስመር) ያለው ላፕቶፕና ዶክ ከተገኘ ሁለቱንም 60 ላይ ይሸከማል። መመሪያው ላይ «ዩኤስቢ ሲ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ መሰኪያው አንድ ዓይነት ቢሆንም አንዳንዱ ምስል ጭራሽ አያወጣም።

ብዙ ቁጥርን በተመለከተ ሁለቱም ትክክል ነው። ቁጥሩ ብዛቱን ስለተናገረ «ኦች» ግዴታ አይደለም፤ «ሦስት ታንኳ ደረሰ» እንላለን። ግሱን ግን ያስማሙ፦ «ሁለት ሞኒተር በራ»፣ «ሁለት ሞኒተሮች በሩ»። የታወቁትን ሁለቱን ለይተው ሲጠሩ «ሁለቱ ሞኒተሮች» የሚለው ይመረጣል።