የላዳዋን ጣሪያ በቱንቢ ለኩ

ሰሞኑን አንድ ወጣት የሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ፎቶ ላከልኝና «ጋሼ፣ ከዚህ ላይ ልክ አውጥቼ በ1/24 ብሠራት ትሆናለች?» ብሎ ጠየቀኝ፤ 1/24 ማለት የዋናዋን ልክ ሁሉ ለ24 አካፍሎ መሥራት ነው። መልሱን ጀምሬ ተውኩት። ቤቴ ካርቶን ውስጥ የተቀመጠች፣ ጣሪያዋ የተቆረጠ አንዲት ትንሽ ላዳ አለች፤ ጥያቄው እሷን አስታወሰኝ። ስለዚህ ለእሱም፣ ሞዴል መኪና በእጃችሁ ለምትሞክሩ ለሌሎቻችሁም አንድ ላይ ልጻፍ። ሙጫ እንዴት እንደሚቀባ፣ ምላጭ እንዴት እንደሚያዝ አልነግራችሁም፤ እሱን ከእኔ በተሻለ በቪዲዮ ታያላችሁ።

ዋናዋ ላዳ ለባትላሜራ (የአካል ቆርቆሮ) ሥራ ጋራዥ የገባች፣ ቫዝ 2101 የምትባለው ዓይነት ነበረች፤ ሁለት ክብ መብራት፣ ጣሪያዋ ነጭ፣ ታቿ ሰማያዊ። የዚች መኪና ትልልቆቹ ቁጥሮች የታወቁ ናቸው። ርዝመቷ 4073 ሚሊሜትር፣ ስፋቷ 1611፣ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል 2424 ነው። ለ24 ሲካፈል 169.7፣ 67.1 እና 101 ሚሊሜትር ይሆናል። ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር አንድ የጎን ፎቶ ካለ ሌላው ሁሉ የሚወጣ ይመስላል። ያኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ። ጊቢው ጠባብ ስለነበረ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ ከ2.5 ሜትር ላይ አነሳኋት። መኪናዋ ሁለት ቀን ሙሉ እዚያው ቆማ ነበር፤ ሜትር አንስቶ ለመለካት ግማሽ ሰዓት በቂ ነበር።

ፎቶው በጎማዎቹ መሐል 101 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስ ተስተካክሎ ታተመ፤ በሮቹ፣ መስኮቶቹና ጣሪያው በሙሉ ከእሱ ላይ ተወሰዱ። ስህተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎማዎቹና በሮቹ ለካሜራው ቅርብ ናቸው፤ የጣሪያው ጠርዝ ግን ከበሩ ፊት 20 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቷል። ካሜራው 2.5 ሜትር ላይ ሲሆን ጣሪያው 2.7 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ከሰባት በመቶ በላይ አንሶ ይታያል። ካሜራው በመስኮቱ የታች ጠርዝ ከፍታ ላይ ከተያዘ፣ ከዚያ በላይ ያለው 45 ሳንቲሜትር ያህል ከፍታ በፎቶው ላይ ከ3 ሳንቲሜትር በላይ ይጎድላል። በ1/24 ይህ 1.4 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ግን የመስኮቱ ከፍታ በሞዴሉ ላይ 19 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሞዴሏ ስታልቅ ቀለሟም፣ ስፖኪዮዋም፣ ፍሬቻዋም ልክ ነበር። ላዳ ግን አልነበረችም። ጣሪያዋ የተጫነ፣ የእሽቅድምድም መኪና የምትመስል ሌላ ነገር ነበረች፤ ላዳ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር እንደጎደላት ሳይነግሩት ያየዋል።

ጣሪያውን ማንሳት ቀላል መስሎ ይታያል፤ ጣሪያውን የተሸከሙትን ምሰሶዎች ቆርጦ በመሐል 1.4 ሚሊሜትር ፕላስቲክ መጨመር ነው። ግን ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ አይደሉም። የፊቱ ወደ ኋላ፣ የኋላው ወደ ፊት ይጋደማል። ምሰሶው 30 ዲግሪ ከተጋደመ፣ 1.4 ሚሊሜትር ሲረዝም ጫፉ 0.8 ሚሊሜትር ወደ መሐል ይሄዳል። ከፊትም ከኋላም ሲደመር ጣሪያው 1.6 ሚሊሜትር ይረዝምበታል፤ ስለዚህ ጣሪያው ራሱ በመሐሉ ተቆርጦ መታጠር አለበት። በጎንም እንደዚያው ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ወደ ውስጥ ስለሚጋደሙ ጣሪያው በስፋትም ይተርፋል። የመኪና ቅርጽ መቀየር የሚወዱ አሜሪካኖች ለመልክ ብለው ጣሪያ ዝቅ ሲያደርጉ የሚገጥማቸው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ለእነሱ ጣሪያው ያጥራቸዋል። መስታወቶቹ አስቀድመው ስለተለጠፉ በመጋዙ ንዝረት የፊቱ ተሰነጠቀ፤ አንደኛው ምሰሶም ከሥሩ ተላቀቀ። ያኔ ዋናዋን ሄጄ ልለካ ብል ለመለዋወጫ ተፈታትታ ተሸጣለች። ሌላ ላዳ መለካት ይቻል ነበር፤ የዋናዋ የኋላ በር ግን በመዶሻ የተመለሰበት የራሱ እብጠት ነበረው፣ እሱን የሚያውቅ ሌላ መኪና የለም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ግማሽ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ልክ እንዲህ ይወሰዳል። መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቁሙ። በሁለቱም በኩል ከጣሪያው የውሃ መውረጃ ጠርዝ ላይ ቱንቢ (በክር የተንጠለጠለ ክብደት) ጣሉ፤ ቱንቢው መሬት የነካበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ከበሩ እጅግ የወጣው ቦታም ላይ እንዲሁ ጣሉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ጣሪያው ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ይነግራችኋል፤ ይህን የትኛውም ፎቶ አይሰጣችሁም። የፊትና የኋላ መስታወት ላይኛና ታችኛ ማእዘንም በዚሁ መንገድ ይወሰዳል። ለጣሪያው ጉብታ ለስላሳ የብየዳ እርሳስ ሽቦ ወይም ወፍራም መዳብ ሽቦ አስተኝታችሁ በእጅ ጫኑት፤ ቅርጹ ሳይበላሽ አንስታችሁ ካርቶን ላይ በእርሳስ ተከተሉት። በሦስት ቦታ፣ ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ፣ ይበቃል። ፎቶ የግድ ከሆነ 20 ሜትር ርቃችሁ በዙም አንሱ፤ ያኔ ስህተቱ በሞዴሉ ላይ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ እሱን ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ይሸፍነዋል። ባለቤቱን ማስፈቀድ አትርሱ፤ ብዙዎቹ ሹፌሮች መኪናቸው ስትለካ ደስ ይላቸዋል፣ እንዲያውም ሜትሩን ጫፉን ይይዙላችኋል።

የዛሬ ልጆች ፋይል አውርዳችሁ ክፍሎቹን በ3ዲ ማተሚያ ማተም ትወዳላችሁ። አልወደውም። የማታውቁት ሰው ከፎቶ የቀዳውን ስህተት ነው የምታትሙት፤ እሱ ደግሞ ላዳን ከፊያት 124 ጋር አምታቶት ሊሆን ይችላል። ላዳ ከፊያት 124 ተወልዳለች፣ ግን የ2101 የበር እጀታ ወደ ውስጥ የገባ ነው፤ የፊያቱን እጀታ ከለጠፋችሁባት ያልሆነችውን አደረጋችኋት። የአሜሪካ ኪቶችም (ተገጣጣሚ የሞዴል መኪናዎች) ብዙዎቹ 1/25 ናቸው፤ ከእነሱ ጎማ ወስዳችሁ ብትገጥሙ ቸርኬው ያንሳል። የላዳ ጎማ በ1/24 ከ24.5 እስከ 25 ሚሊሜትር መሆን አለበት።

ለጣሪያው ራሱ ከዋንዛ ቅርጹን ጥረቡ፤ ፕላስቲኩ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው እንጨቱን በሁሉም በኩል 1 ሚሊሜትር አሳንሱት፣ አለዚያ የተነሳው ጣሪያ ወፍሮ ይወጣል። የፕላስቲኩን ሉህ በእንጨት ፍሬም ወጥራችሁ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ያዙት። ፖሊስታይሪን የሚባለው ይህ ፕላስቲክ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ መሐሉ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ሲረግብ ቶሎ እንጨቱ ላይ ጫኑት። አረፋ ካወጣ አልፏል፣ ጣሉት። ጠርዙ ላይ ስለሚሳሳ ከውስጥ በኩል 0.5 ሚሊሜትር ቁራጭ ደርቡበት። ሉህ ካላገኛችሁ ሥሩ ላይ 6 ቁጥር በሦስት ማእዘን ውስጥ ያለበት የእርጎ ኩባያ ያው ፖሊስታይሪን ነው፣ ለትናንሽ ክፍሎች ያገለግላል። ምሰሶዎቹ ሲቀጥኑ በቀላሉ ይሰበራሉ፤ ከውስጥ 0.5 ሚሊሜትር ሽቦ አስገቡላቸው።

ለቧንቧና ለሽቦ ፋርማሲ ሂዱ። ያልተነካ መርፌ ልክ ያለው የብረት ቧንቧ ነው፤ የቀለሙ ኮድ ውፍረቱን ይነግራችኋል። ነጩ 1.6 ሚሊሜትር፣ ሮዙ 1.2፣ አረንጓዴው 0.8፣ ሰማያዊው 0.6 ነው። ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ለሚወጣው ቧንቧ ነጩ ይስማማል። በሴጌቶ አትቁረጡት፣ ይጨፈለቃል፤ በሞረድ ጠርዝ ዙሪያውን ፈልፍላችሁ በፒንሳ ስበሩት፣ መነጽር አድርጉ። የካንዴላ ገመድ 7 ሚሊሜትር ስለሆነ 0.3 ሚሊሜትር ሽቦ ይፈልጋል፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ ሽቦ እኔ እስከ ዛሬ አልጣልኩም፣ ሽፋኑ ራሱ ቀለም አለው።

አሁን ስለ ቀለም። ቀለም ከመኪናው ጋር አብሮ አያንስም። 0.1 ሚሊሜትር የቀባችሁት በዋናዋ ላይ 2.4 ሚሊሜትር እንደመቀባት ነው። በበሮቹ መሐል ያለው ክፍተት 5 ሚሊሜትር ቢሆን በሞዴሉ 0.2 ነው፤ ከግራም ከቀኝም 0.1 ሲገባበት ይደፈናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀለም በፊት በምላጭ ጀርባ መስመሮቹን አጥልቁ። ጋራዥ የሚሸጠውን ቀለም በደንብ ሳትጠብቁ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁት ማቅጠኛው (ቲነሩ) ፕላስቲኩን ይበላዋል፤ ጉም እንደነካው ያህል ስስ አድርጋችሁ፣ በየመሐሉ አድርቃችሁ ቀቡ። መጀመሪያ ነጩን፣ ከዚያ ጣሪያውን በቴፕ ሸፍናችሁ ሰማያዊውን። ሰማያዊው ከቴፑ ሥር እንዳይሰርግ ግን አስቀድማችሁ የቴፑን ጠርዝ እንደገና በነጭ ርጩት፤ የሚሰርገው ነጩ ይሆንና ሰማያዊው መስመር ንጹሕ ይወጣል። መስታወቱን በሱፐር ግሉ አትለጥፉ፣ ትነቱ ያደበዝዘዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ ይበቃል።

ፋይል ማተም አልወድም ብያለሁ፤ የፊቱን ፍርግርግ ግን አትሙት። በእጅ የሠራሁት ሁሉ ጠምሞብኛል፣ ጠማማ ፍርግርግ ደግሞ ዓይን አይለቅም። ልኩን ግን ራሳችሁ ከመኪናዋ ወስዳችሁ ሥዕሉን ራሳችሁ ሥሩ።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ በፎቶህ ላይ ያለችው ላዳ ከቤት አጥር ሥር ቆማለች፤ አንተም ከሦስት ሜትር ባልበለጠ ነው ያነሳሃት። ሰፈርህ ከሆነች ቅዳሜ ጠዋት ሜትር፣ ሁለት ቱንቢና ጠመኔ ይዘህ ሂድ። መጀመሪያ የጣሪያውን ስፋት ከውሃ መውረጃ እስከ ውሃ መውረጃ ለካና ቁጥሩን ላክልኝ፤ እንጨቱን ከእሱ እንጀምራለን።