ጀልባዎቹ ሳይመለሱ አውደ ርዕይ አይከፈትም

ልጆቼ፣

በዓሣ አጥማጆች ከተማ የሥዕል አውደ ርዕይ ለማዘጋጀት ስትነሡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ አዳራሹ ነው። ስፋቱ ስንት ነው፣ ግድግዳው ምን ዓይነት ነው፣ መብራቱስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጀልባዎቹ መቼ እንደሚወጡና መቼ እንደሚመለሱ ነው። በዚህ ዓይነት ከተማ ቀን የሚቆርጠው ባሕሩ እንጂ አዘጋጁ አይደለም። ይህን የዘነጋ ሰው ያማረ መክፈቻ ይደግስና ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶች ብቻ እርስ በርስ ሲጨዋወቱ ያያል። በሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ወይ ባሕር ላይ ናቸው፣ ወይ ሌሊቱን ሲለፉ አድረው ተኝተዋል።

ስለዚህ ቀን ስትመርጡ ጨረቃን እዩ። እንደ ሰርዲን ያሉ ትናንሽ ዓሦችን በመብራት እየሳቡ የሚያጠምዱ ሰዎች ጨረቃ ሙሉ በሆነችባቸው ሌሊቶች ሥራቸው ይቀዘቅዛል፤ የጨረቃዋ ብርሃን የእነሱን መብራት ስለሚያደበዝዘው ዓሣው በአንድ ቦታ አይሰበሰብም። ሙሉ ጨረቃን መሐል አድርጋችሁ አራት አምስት ቀን ብትቆጥሩ አብዛኛው ሰው ቤቱ የሚገኝበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ማጥመድ የሚከለከልበት አገር ከሆነ ደግሞ ያ ወቅት ከሁሉ ይሻላል፤ ሰው መረቡን እየጠገነ ይውላል፣ ለወሬም ለሥራም ጊዜ አለው። ሰዓቱንም እንዲሁ አስቡ። ጎህ ሲቀድ ዓሣ በሚራገፍበት ከተማ ጥሩው የመክፈቻ ሰዓት ሽያጩ አልቆ፣ ጀልባው ታጥቦ፣ ሰው ቀምሶ ከተነሣ በኋላ ነው። ምሽት የሚመረጠው ምሽት ለሚመቻቸው የከተማ ሰዎች ነው።

የዕረፍት ቀንን በቀልድ አትዩት። በጋና የባሕር ዳርቻ ባሉ ብዙ ከተሞች ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ጀልባ አይወጣም። በዚያው አገር ጋ የሚባሉት የአክራ ነባር ሕዝቦች ሆሞዎ ከሚሉት የመኸር በዓላቸው በፊት ለሳምንታት ከበሮም ሌላ ጩኸትም ይከለክላሉ። በእነዚያ ሳምንታት የሙዚቃ ጓድ ይዛችሁ አውደ ርዕይ ለመክፈት ብትነሡ ጥፋቱ የእናንተ ነው። በእንግሊዝ ኮርንዎል፣ ኒውሊን በምትባለው ከተማ፣ እሑድ አናጠምድም ያሉ ዓሣ አጥማጆች ከሌላ አካባቢ የመጡትንና እሑድ ያጠመዱትን ጀልባዎች እ.ኤ.አ. በ1896 ወረሯቸው፤ ዓሣቸውን ወደ ባሕር መለሱት፤ ነገሩ ወታደር እስኪጠራ ድረስ ሄደ። ኒውሊን ያኔ ስመ ጥር የሠዓሊዎች መንደር ነበረች። ሠዓሊው ስታንሆፕ ፎርብስ የዓሣ ሽያጩን በባሕሩ ዳርቻ የሣለው ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1885 ነው። ሥዕሉን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ የእሑዱን ነገር የሚያውቅ ግን ጥቂት። አዘጋጅ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

ፈቃድ ስትጠይቁ ማዘጋጃ ቤት ብቻ ሄዳችሁ አትመለሱ። የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ አለ፤ የጀልባ ባለቤቶች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓሣውን የሚገዙት፣ የሚያጨሱትና የሚሸጡት ሴቶች አሉ። ብዙ ቦታ ለጀልባ ነዳጅ ገንዘብ የሚያበድሩት እነሱ ናቸው፤ በጋና የእነሱ መሪ ኮንኮሄማ የሚል ማዕረግ አላት። በየአውደ ርዕዩ ወንዶች መረብ ሲጎትቱ የሚያሳይ ሃያ ሥዕል ተሰቅሎ፣ ሴቶቹ ከቅርጫት ጋር በአንድ ጥግ ብቻ ሲታዩ ማየት ያሳፍራል። ምርጫው ሲያልቅ ቁጠሩት፤ ሚዛኑ ካዘነበለ ጉድለቱ ያለው ከእናንተ አሰባሰብ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕቃው። በእንዲህ ያለ አውደ ርዕይ ከሥዕሉ ጎን መረብ፣ መንጠቆ፣ መልሕቅ፣ የመስታወት ተንሳፋፊ፣ አንዳንዴም ሙሉ ጀልባ ይቀርባል። የሁሉም ጠላት ጨው ነው። ጨው አየሩ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ከአየሩ ውሃ ጠጥቶ ይሟሟል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ተመልሶ ይረጋል። ይህ መሟሟትና መርጋት ሲደጋገም በሸክላና በድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ እየገፋ ፊቱን ይፈረፍረዋል፤ ብረትን ደግሞ ከውስጥ ያዝገዋል። የባሕር ዳር አዳራሽ ሌሊት መስኮቱ ክፍት ሲያድር፣ ቀን ደግሞ በመብራትና በሰው ብዛት ሲሞቅ፣ ይህ ዑደት በየቀኑ ይመላለሳል። መፍትሔው እርጥበቱን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይደለም፤ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው። ለሥዕልና ለእንጨት ከ45 እስከ 55 በመቶ መካከል ከያዛችሁት መልካም ነው። ከባሕር የወጣ ዝገት የበላው ብረት ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይፈልጋል፤ በተዘጋ ሳጥን እርጥበት ከሚመጥጡ ደረቅ የሲሊካ ጄል እንክብሎች ጋር አስቀምጡት። ዝገቱን ፈቅፍቃችሁ ለማሳመር አትሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የዕቃው የመጀመሪያ ቅርጽ የቀረው በዝገቱ ውስጥ ብቻ ነው።

ዛጎል ያላችሁ ከሆነ ሳጥኑ ከኦክ እንጨት አይሠራ። ኦክ የአሲድ ትነት ያወጣል፤ ትነቱ ከዛጎሉ ኖራ ጋር ተዋህዶ ነጭ ዱቄት ያበቅልበታል። ሰው ሻጋታ መስሎት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ይብስበታል። ርካሽ ካርቶንም ያው ነው።

አሮጌ የጥጥ መረብ ነፍሳት ይዞ ይመጣል። በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ አፉን አሽጋችሁ በቤት ማቀዝቀዣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ 24 ሰዓት ላስቲኩን አትፍቱ፤ ቶሎ ከተፈታ የክፍሉ እርጥበት በቀዝቃዛው ክር ላይ ጤዛ ይሠራል። መረቡ ወደ ማቀዝቀዣው ሲገባ ደረቅ መሆን አለበት። ቀለም የተቀባ እንጨት ግን በዚህ መንገድ አይታከምም፤ ቀለሙ ይሰነጠቃል። መረብ ስትሰቅሉ በአንድ ሚስማር አታንጠልጥሉት፤ ክብደቱ በብዙ ነጥብ ይከፋፈል። በር ላይና በመውጫ መንገድ ላይ ደግሞ ጨርሶ አይሰቀልም፤ ናይለን በእሳት ይቀልጣል፣ የሚሸሸውን ሰው እግርም ይጠልፋል። መንጠቆ ካለ ጫፉን በቡሽ ሸፍኑ። ሕፃናት ከሁሉ አስቀድመው የሚነኩት መንጠቆውን ነው።

ጀልባን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። በሥራ ላይ ያለ የእንጨት ጀልባ ውሃ ጠጥቶ ያበጠ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹ የሚጠብቁትም በዚያ እብጠት ነው። ደረቅ አዳራሽ ውስጥ ሳምንታት ካቆያችሁት ሳንቃዎቹ ይሸሻሉ፤ ባለቤቱ ሲወስደው ያፈስሳል። ስለዚህ የሚሠራ ጀልባ ከተዋሳችሁ ለሁለት ሦስት ቀን፣ ከቤት ውጭ ጥላ ሥር፣ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይሁን። ክብደቱ ከታች ባለው ዋና ግንድ ላይ ይረፍ፤ የጎን ድጋፎቹ እንዳይወድቅ ብቻ ይያዙት እንጂ ሳንቃውን አይግፉት።

ስለ ግድግዳው በአጭሩ፦ የሥዕሉ መሐል ከወለሉ ከ145 እስከ 150 ሴ.ሜ. ከፍታ ላይ ይዋል። በወረቀትና በጨርቅ ላይ ለተሠራ ሥራ መብራቱ ከ50 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) አይለፍ፤ ለዘይት ቀለም 200 ይበቃዋል። ከባሕሩ የሚመለሰው ነጸብራቅ ከምትገምቱት በላይ ስለሆነ ባሕሩን የሚያሳየውን መስኮት በስስ መጋረጃ ሸፍኑት፤ አለዚያ ሰው መስታወቱ ላይ የሚያየው የራሱን ፊት ነው። ከፍሬሙ ጀርባና ከግድግዳው መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር፤ ትናንሽ የቡሽ ቁራጮች በታችኛው ማዕዘን ብትለጥፉ ያገለግላሉ። ብሎንና ማንጠልጠያ የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራው ሚስማር በባሕር አየር ቶሎ ዝጎ በግድግዳው ላይ ቡናማ እንባ ያወርዳል።

ሕዝቡን የሚያሳትፍ ሥራ ከፈለጋችሁ ከጃፓን የመጣውን የዓሣ ኅትመት፣ ጊዮታኩን፣ እመክራለሁ። አጥማጆች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የያዙትን ዓሣ መጠን ለማስመስከር ያደርጉት የነበረ ነው፤ ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ ወዲያው ይገባዋል፤ እንደ ሠዓሊ ጨዋታ አይቆጥረውም። ትኩስ፣ ያልተቀደደ፣ ቅርፊቱ ጎላ ያለ ዓሣ ምረጡ። ዝልግልጉን በጨውና በሆምጣጤ አጥባችሁ በጨርቅ በደንብ አድርቁት። አፉን፣ ስንጥቡንና የኋላ ቀዳዳውን በጥጥ ድፈኑ፤ ይህ ከተረሳ ሲጫኑት ፈሳሽ ይወጣና ወረቀቱን ያበላሸዋል። ክንፎቹን ዘርግታችሁ ከሥራቸው ሸክላ ጭቃ አስገቡ፤ ከሰውነቱ ጋር እኩል ከፍታ ካልያዙ ኅትመቱ ላይ አይወጡም። ከዚያ በውሃ የሚሟሟ ጥቁር ቀለም በሰፊ ብሩሽ ከራስ ወደ ጅራት በስሱ ቀቡት፤ አንድ ጊዜም ከጅራት ወደ ራስ መልሱት፤ ቅርፊቱ ሥር የሚገባው ያኔ ነው። ዓይኑን አትቀቡ። በየጎኑ 10 ሴ.ሜ. የሚተርፍ ስስ ግን ጠንካራ ወረቀት አልብሱትና ከመሐል ወደ ዳር በጣት ተጫኑ። ወረቀቱ አንዴ ካረፈ አይንቀሳቀስም፤ ከተንቀሳቀሰ ዓሣው ሁለት ይሆናል። ከአንድ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ግለጡት። ዓይኑ በመጨረሻ በቀጭን ብሩሽ በእጅ ይሣላል።

የመጀመሪያው ኅትመት አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል፣ ቅርፊቱም ይደፈናል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያምራሉ። ምክንያቱ ቀለም መብዛቱ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ያበዛል። ዓሣው በኋላ የሚበላ ከሆነ ለምግብ የሚሆን ቀለም ብቻ ተጠቀሙ። በሌላ ቀለም የተቀባውን ለማንም፣ ለድመትም ቢሆን፣ አትስጡ። በዓሣ ከተማ ምግብ ሲባክን ማየት ሰውን ስለሚያስቀይም ስንት ዓሣ እንደምትጠቀሙ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ዓሣ ከበቂ በላይ ነው።

ከባድ ወደሆነው ነገር ልለፍ። ከከተማው ባህል ወደ አዳራሹ የምታመጡት ዕቃ ሁሉ በቤቱ ሥራ አለው። በአክራ አቅራቢያ ባለችው በቴሺ የሚሠሩትን የሬሳ ሣጥኖች ውሰዱ፦ ዓሣ አጥማጁ በዓሣ ወይም በጀልባ ቅርጽ በተሠራ ሣጥን ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በ1989 የሣጥን ሠሪው የካኔ ክዌይ ሥራዎች ፖምፒዱ ማዕከል በሚባለው የፓሪስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሙዚየሞች ይገዟቸዋል። ለቀብር የሚሠራው ከቀላል እንጨት ነው፤ ሰው አይቶት ከአፈር ይገባል። ለሙዚየም የሚሠራው ከጠንካራ እንጨት ነው፤ እንዲቆይ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። መግለጫችሁ የቀረበው የትኛው እንደሆነ ካልነገረ ተመልካቹን ታስታላችሁ፤ የቀብሩን ሣጥን ለማግኘት ቤተሰብ ካግባባችሁ ደግሞ የባሰ ነው።

በባሕር የጠፉ ሰዎችን ስም ስትጽፉ ጊዜ አትቆጥቡ። ዝርዝሩን ለቤተሰቦቹ አሳዩ፤ በአንድ ጊዜ አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ ይነበብ። የቅጽል ስምም ይጠየቅ፤ ብዙዎቹ በሰፈር የሚታወቁት በእሱ ነው። የተሳሳተ የሥዕል ርዕስ ነገ ይታረማል፤ የተሳሳተ የሟች ስም ያየች እናት ግን ተመልሳ አትመጣም። ሰሌዳው ላይ ባዶ ቦታ ተዉ፤ በመክፈቻው ዕለት «የእኛስ?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ሌላው በወጣቶች ዘንድ የሚዘነጋው ምስጢር ነው። ዓሣ አጥማጅ ጥሩ ማጥመጃ ቦታውን የሚያገኘው በየብስ ያሉ ምልክቶችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ ለምሳሌ ኮረብታን ከማማ ጋር፣ በማሰለፍ ነው። ይህ ዕውቀት ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ሽማግሌው በጨዋታ መሐል ቢነግራችሁ ለካርታችሁ ፈቀደላችሁ ማለት አይደለም። በግድግዳው ካርታ ላይ የነፋሶቹን ስም ጻፉ፣ የባሕሩን ክፍሎች ስም ጻፉ፤ ነጥብ አታስቀምጡ። ቀድማችሁ ረቂቁን ለእሱ ለራሱ አሳዩት።

ገንዘብን በተመለከተ የአልፍሬድ ዋሊስን ነገር አስታውሱ። በዚያው በኮርንዎል፣ በሴንት አይቭስ ከተማ የኖረ የቀድሞ ባሕረኛ ነው፤ ሥዕል የጀመረው ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በካርቶን ቁራጭ ላይ፣ በጀልባ ቀለም። እ.ኤ.አ. በ1928 ሠዓሊዎቹ ቤን ኒኮልሰንና ክሪስቶፈር ዉድ አገኙትና አደነቁት፤ ሥራዎቹ በጥቂት ሳንቲም ተሸጡ። በ1942 የሞተው በድሆች ማደሪያ ነው። እንግዲህ በከተማው ውስጥ ራሱን ያስተማረ ሠዓሊ ስታገኙ ዋጋውን ከሌሎቹ ጋር በአንድ መለኪያ አውጡ፤ ኮሚሽኑን፣ የሚከፈልበትን ቀንና ያልተሸጠው ሥራ ማን እንደሚመልሰው በጽሑፍ አስፍሩ። ማንበብ የማይችል ከሆነ እሱ የሚያምነው ሰው ያንብብለት እንጂ እናንተ አታንብቡለት።

የተዋሳችሁትን ዕቃ ስትቀበሉ ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ፤ ያለበትን ቀዳዳ፣ ስንጥቅና ዝገት ከባለቤቱ ጋር ሆናችሁ ጻፉ፤ ሁለታችሁም ፈርሙ። ስትመልሱም በዚያው ወረቀት አስተያዩት። አመላለሱ ቅደም ተከተል አለው፦ የሚሠራበት መረብና መቅዘፊያ በመጀመሪያው ቀን ይመለስ፣ የቤት ጌጡ በማግሥቱ፣ ሥዕሎቹ ከዚያ በኋላ። የማጥመጃው ወቅት ሰኞ የሚከፈት ከሆነ አውደ ርዕዩ ሐሙስ ይዘጋ፤ ባለመረቡ መረቡን ዘርግቶ የሚያይበትና የላላውን ቋጠሮ የሚያጠብቅበት ሁለት ቀን ያስፈልገዋል።