ቀስት የሚወረውሩት ኒኮባሮች አይደሉም

ሰሞኑን ስለ ህንድ ደሴቶች ከደረሱኝ ጥያቄዎች የኒኮባር ደሴቶችን ነባር ሕዝብ፣ ኒኮባሮችን የሚመለከቱትን ለይቻለሁ።

ጥያቄ፦ የመጣባቸውን ሁሉ በቀስት የሚያባርሩት እነዚህ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። እርስዎ ያሏቸው ሰዎች የሚኖሩባት ሰሜን ሴንቲኔል የምትባል ደሴት ያለችው በአንዳማን ደሴቶች ነው። ኒኮባር ከአንዳማን በስተደቡብ፣ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ተሻግሮ ይገኛል። ኒኮባሮች ኮኮናታቸውን ከመርከበኛ ጋር ሲለውጡ ዘመናት አልፈዋል፤ ዛሬ አብዛኞቹ ክርስቲያን ናቸው። ከእነሱው የወጡት ጳጳስ ጆን ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1952 በህንድ የመጀመሪያው የሕዝብ ምክር ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። አዲስ ኪዳንንም ወደ ሰሜናዊቷ ደሴት ወደ ካር ኒኮባር ቋንቋ የመለሱት እሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ቋንቋቸው ከሂንዲ ይዛመዳል? እርስ በርስስ ይግባባሉ?

መልስ፦ ከሂንዲ ጋር አይዛመድም፤ ዘመዶቹ የካምቦዲያው ክመርና ቬትናምኛ ናቸው። «ኒኮባርኛ» የምንለውም አንድ ቋንቋ አይደለም። የሰሜኑ የካር ኒኮባር ሰው ከመካከለኞቹ ደሴቶች ሰው ጋር በየአፉ ቢያወራ መግባባት ይቸግረዋል። እኔን ይበልጥ የገረመኝ የመካከለኞቹ ደሴቶች ልማድ ነው። ሰው ሲሞት ስሙ አይነሳም፤ ስሙ የዕለት ተዕለት ቃል ከሆነ ቃሉም አብሮ ይተውና ሌላ ይተካለታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ምን ያህል እንደተቸገሩ አስቡት!

ጥያቄ፦ ሸክላ የሚሠራው በአንዲት ደሴት ብቻ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ደሴቲቱ ቻውራ ትባላለች። የሚገርመው ጭቃው እንኳ የራሷ አልነበረም፤ ከጎረቤቷ ከቴሬሳ ደሴት በታንኳ ይመጣ ነበር። ሠሪዎቹ ሴቶች ነበሩ። ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለሉ ዙሪያውን ይደራርቡታል፤ ከእሳት ሲወጣ ገና ትኩስ እያለ በእርጥብ የኮኮናት ልጣጭ ጥቁር መስመር ያወጡበት ነበር። ሌላ ደሴት ላይ ሸክላ የሠራ መዓት ያገኘዋል ተብሎ ይታመን ስለነበር ማሰሮ የፈለገ ሁሉ ወደ ቻውራ መቅዘፍ ነበረበት። እምነቱ ለቻውራ ገበያም ሳይበጅ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ሱናሚው ምን አደረሰባቸው?

መልስ፦ ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሺዎች አለቁ። የታላቁ ኒኮባር ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ታች ሰመጠ፤ ትሪንኬት የምትባለውን ደሴት ውሃው ከፋፈላት።

ጥያቄ፦ ሄጄ ልጎበኛቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ለቱሪስት ክልክል ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ጥበቃ ደንብ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ መግባትን ይከለክላል። አንዳማን ድረስ ግን መሄድ ይችላሉ።